√5837 ራሽናል ነው? የመጨረሻውን አኃዝ ተመልከቱ

የሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሩት ቀርቦ «ራሽናል (የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሆኖ ሊጻፍ የሚችል) ነው ወይስ ኢራሽናል (የማይችል)?» ከተባላችሁ ካልኩሌተሩን ተዉት፤ ጥቂት አኃዝ አሳይቶ ስለሚቆም ለዚህ ጥያቄ ዳኛ አይሆንም። የቁጥሩን የመጨረሻ አኃዝ ተመልከቱ። 2፣ 3፣ 7 ወይም 8 ከሆነ ስኩዌር ሩቱ ያለጥርጥር ኢራሽናል ነው። ከ0 እስከ 9 ያሉትን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ብታባዙ ውጤቱ የሚያልቀው በ0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 ወይም 9 ብቻ ነው፤ ትልልቆቹም ከዚህ አያልፉም። የሙሉ ቁጥር ስኩዌር ሩት ደግሞ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ ክፍልፋይም አይሆንም። ስለዚህ √5837 ኢራሽናል ነው።

ግልባጩ ግን አይሠራም፦ 36 እና 46 ሁለቱም በ6 ያልቃሉ፤ √36 ስድስት ሲሆን √46 ኢራሽናል ነው። ክፍልፋይ ከመጣ ደግሞ አስቀድማችሁ አቃልሉ፤ √(8/18) ቢያስፈራም 8/18 ማለት 4/9 ስለሆነ መልሱ 2/3 ነው።