የግቢ ወንበር እንጨት በጅማ፦ ከዋጋው በፊት ምንጩን ይጠይቁ

ጅማ የጠራቢ አገር ናት፤ ለግቢ አግዳሚ ወንበር የሚሆን ጠንካራ እንጨት ማግኘት አይቸግርም። የሚቸግረው ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። ከበለጠ ገራ ደን ያለ ፈቃድ የወጣ ዋንዛና ከቡና ማሳ በፈቃድ የተቆረጠ ዋንዛ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም አይለያቸውም። የሚለያቸው የሻጩ መልስና የያዘው ወረቀት ብቻ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065ም የደን ውጤት ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥና እንዳይጓጓዝ ይደነግጋል። ቀረሮና ጥቁር እንጨት በአብዛኛው የተፈጥሮ ደን ዛፎች ስለሆኑ ለወንበር ባይመርጧቸው ይሻላል። ምርጫችን ገበሬ በማሳው ያሳደገው ዋንዛ፣ ግራቪሊያ ወይም ቀይ ባህር ዛፍ ነው።

ሻጩን እንዲህ ይጠይቁት፦ ዛፉ የቆመው በየትኛው ቀበሌ ነበር? ለምን ተቆረጠ? የቡናው ጥላ በምን ተተካ? ከማሳ የገዛ ሰው «አርጅቶ ቅርንጫፉ ቡናውን እየሰበረ ነበር» ወይም «ነፋስ ጣለው» ብሎ በዝርዝር ይመልሳል። «ከነጋዴ ነው የገዛሁት» መልስ አይደለም። ቀጥሎ የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ይመልከቱ፤ የዛፉ ዓይነት፣ መጠኑና ቀኑ ከጭነቱ ጋር መግጠም አለባቸው። ወረቀቱ ባህር ዛፍ እያለ የተጫነው ዋንዛ ከሆነ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ሲገዙም የዛፉ ዓይነትና ቀበሌው የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ።

ከሚያስፈልግዎ በላይ አይዘዙ። 1.5 ሜትር ርዝመት ላለው አግዳሚ፣ ለመቀመጫው አምስት፣ ለመደገፊያው ሦስት፣ በድምሩ ስምንት ርብራብ (8 በ2.5 ሳ.ሜ የሆነ ቀጭን ጣውላ) ይበቃል። 4 ሜትር ርዝመትና 20 ሳ.ሜ ስፋት ያለው አንድ ጣውላ ጠርዙ ተነስቶ በቁመቱ ለሁለት ሲሰነጠቅና እያንዳንዱ በ1.5 ሜትር ሲቆረጥ አራት ርብራብ ይወጣዋል። ስለዚህ ሁለት ጣውላ ይበቃል፤ ለስንጥቅና ለአንጓ አንድ ይጨምሩ። የሚተርፉት የ1 ሜትር ቁርጥራጮች ለክንድ ማሳረፊያና ለማያያዣ ይሆናሉ። ለእግሮቹ 7 በ7 ሳ.ሜ የሆነ አንድ የ4 ሜትር ቋሚ ይያዙ።

ጣውላውን ሲመርጡ ጫፉን ይዩ። የዋንዛ ነጣ ያለው የውጭ ክፍል ነቀዝ ስለሚወደው ይነሳ፤ ቡናማው ልቡ ይቅር። ባህር ዛፍ ግንዱ ውስጥ ውጥረት አለበት፤ ተሰንጥቆ ሲለቀቅ ይጎብጣል፣ ጫፉም ይፈነዳል። ስለዚህ ወፍራምና የበሰለ ግንድ ይምረጡ፤ በመሃል የሚያልፈውን እምብርት የያዘውን ጣውላ አይውሰዱ።

ብዙ ወንበር የሚበላሸው በማድረቅ ላይ ነው። ክረምት ላይ የተገዛ እርጥብ ጣውላ በችኮላ ከተገጠመ በበጋ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያውም ይላላል። ጣውላውን ጥላ ያለውና ነፋስ የሚገባበት ቦታ፣ ከመሬት 40 ሳ.ሜ ከፍ አድርገው ይደርድሩ። በየንብርብሩ መካከል 2.5 ሳ.ሜ ውፍረት ያላቸውን ደረቅ ዘንጎች በየ50 ሳ.ሜ ያስገቡ፤ ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ካልዋሉ ጣውላው ይጣመማል። ጫፎቹን በቀለም ይሸፍኑ፤ እርጥበቱ በጫፍ ቶሎ ሲወጣ ነው የሚሰነጠቀው። 2.5 ሳ.ሜ የሆነ ጠንካራ እንጨት በአየር እስኪደርቅ እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

መድረቁን ለማወቅ ከጫፉ 30 ሳ.ሜ ገባ ብለው ትንሽ ቁራጭ ይውሰዱ፤ ይመዝኑ፣ ከዚያም ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም በ103 ዲግሪ ምድጃ ያድርቁት። 62 ግራም የነበረው 50 ከሆነ፣ 12ቱን ለ50 ሲያካፍሉ እርጥበቱ 24 በመቶ ነው፤ ገና ነው። 15 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይሥሩበት።

ብሎኑ ዚንክ የተነከረ ይሁን፤ ተራ ብረት ባህር ዛፍን ያጠቁራል። በርብራቦቹ መካከል 8 ሚ.ሜ ክፍተት ይተዉ፣ ዝናቡ እንዲያልፍ። እግሮቹን ምስጥ እንዳያገኛቸው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያቁሙ። የተልባ ዘይት በጨርቅ ቀብተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይጥረጉ፤ ጨርቁን ሳያጣጥፉ በውጭ አስጥተው ያድርቁት፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።