ኤምኤልፍሎውን ክላውድ ላይ እንዴት መትከል ይቻላል?

ሞዴል የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ ይህ ይገጥመዋል፤ ባለፈው ሳምንት ጥሩ ውጤት ያስገኘው ሙከራ በየትኛው ዳታና በምን ቅንብር እንደተሠራ ይጠፋበታል። ኤምኤልፍሎው ይህን ሁሉ የሚመዘግብ ነጻ ሶፍትዌር ነው። እዚህ የማሳየው በአማዞን ክላውድ ላይ አተካከሉን ነው።

መጀመሪያ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) የተጫነበት ሰርቨር ይክፈቱ። ሥልጠናው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስለሚካሄድ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ለትንሽ ቡድን ይበቃል። በፋየርዎሉ ላይ ፖርት 22ን (ሰርቨሩን ከርቀት በተመሰጠረ መስመር የሚያዙበትን የኤስኤስኤች በር) ብቻ፣ እሱንም ለራስዎ አይፒ አድራሻ ብቻ ይፍቀዱ።

ቀጥሎ ማስቀመጫው ነው፤ እባክዎ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። እኔ አንድ ጊዜ መዝገቡንም ሞዴሎቹንም ሰርቨሩ ዲስክ ላይ አከማችቼ፣ ወጪ ለመቀነስ ሰርቨሩን ስሰርዘው የሁለት ወር ሥራዬ አብሮ ጠፋ። መዝገቡ ለብቻው በቆመ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ፣ ሞዴሎቹ ደግሞ በአማዞን የፋይል ማከማቻ በኤስ3 ይቀመጡ። ሰርቨሩ ኤስ3 ውስጥ የሚገባበትን ፈቃድ በአይኤኤም ሚና (አማዞን ያለ ሚስጥራዊ ቁልፍ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ) ይስጡት። ሚስጥራዊ ቁልፍ ፋይል ውስጥ ከተጻፈ ከኮዱ ጋር አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ ሰርቨሩ ላይ በፓይተን መጫኛው በፒፕ ሦስት ነገሮችን ይጫኑ፦ ኤምኤልፍሎውን፣ ከፖስትግሬስ ጋር የሚያገናኘውን ሳይኮፒጂ2ን እና ከኤስ3 ጋር የሚያገናኘውን ቦቶ3ን። ሲያስነሱት የዳታቤዙንና የኤስ3ን አድራሻ ይስጡት። ተርሚናሉ ሲዘጋ አብሮ እንዳይቆም የሲስተምዲ (ኡቡንቱ ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድርበት) አገልግሎት ያድርጉት።

ኤምኤልፍሎው ሌላ ካልታዘዘ በፖርት 5000 ላይ ከዚያው ሰርቨር ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው። አንዳንዶች ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይቀይሩታል። አይቀይሩት! በመነሻ ቅንብሩ የይለፍ ቃል ስለማይጠይቅ አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ሙከራዎን ማየትም መሰረዝም ይችላል። ይልቁንም የላፕቶፕዎን ፖርት 5000 ከሰርቨሩ ፖርት 5000 ጋር በኤስኤስኤች ያገናኙና በብራውዘርዎ ሎካልሆስት:5000 (localhost:5000) ብለው ይክፈቱት። ማክ ላይ ይህን ፖርት ኤርፕሌይ የተባለው የማክ አገልግሎት ይዞት ሊሆን ስለሚችል በላፕቶፑ በኩል 5001ን ይጠቀሙ።

አሁን አንድ ትንሽ ሙከራ ከነሞዴል ፋይሉ ይላኩ። ውጤቱ ገጹ ላይ፣ ፋይሉም ኤስ3 ውስጥ ከታየ ሰርቨሩን አቁመው መልሰው ያስነሱት። ቋሚ አይፒ ካልያዙለት አድራሻው ይቀየራልና አዲሱን ይመልከቱ። ገጹን ሲከፍቱ ሙከራው እዚያው ካለ ተከላው ሠርቷል። ሰርቨሩ ቆሞ ሳለ ግን ዲስኩና ዳታቤዙ ማስከፈላቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ የወጪ ማስጠንቀቂያውን ዛሬውኑ ያብሩ።