ታፐር በሌለበት ቀን ልምምዱ እንዳይቀር

የኤስ11 ዋናተኛ (ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል ማየት የማይችሉ ሰዎች በሚወዳደሩበት የፓራ ዋና ምድብ ያለ) የትምህርት ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚያጣው ታፐሩን ነው፤ በዘንግ ጫፍ ነካ አድርጎ ግድግዳው መቅረቡን የሚያሳውቀውን ሰው። እሱም ተማሪ ከሆነ ክፍል አለበት። መፍትሔው ቀዘፋን መቁጠር ነው።

ታፐር ባለበት ቀን 25 ሜትር ፍሪስታይል፣ በዝግታ፣ 8 ጊዜ ዋኙ። ግድግዳውን ሁሌም በእኩል ኃይል ገፍታችሁ ውጡ፤ ግፊቱ ከተለያየ ቁጥሩ አይታመንም። እያንዳንዱን የእጅ ቀዘፋ ቁጠሩና ከትንሹ ቁጥር ላይ 2 ቀንሱ። 19፣ 20 እና 21 ከመጣ 17 ያዙ። ታፐር በሌለ ቀን 17 ላይ ስትደርሱ አንድ እጅ ወደ ፊት ዘርግታችሁ በእግር ብቻ ቅረቡ። አማካዩን እንዳትወስዱ! ሰውነት ሳይደክም ቀዘፋ ይረዝማል፣ ቁጥሩም ያንሳል፤ በአማካዩ የሄደ ሰው ሳያስበው በጭንቅላቱ ግድግዳ ይመታል። ድካም ሲመጣ ቁጥሩ ስለሚጨምር ትንሽ ቀደም ብላችሁ ትቀዘቅዛላችሁ እንጂ ጉዳት የለውም።

የፍጥነት፣ የጀርባ ዋናና የመታጠፊያ ልምምድ ታፐሩ ክፍል በሌለው ቀን ይሁን፤ ረጅሙና ዝግ ያለው በቀሩት ቀናት።

የነፍስ አድን ሠራተኛ ከሌለ ወይም መስመሩን ሌላ ሰው ከተጋራችሁ አትሞክሩት። በውድድር ላይ ደግሞ ለኤስ11 ታፐር ግዴታ ነው።