የሚከራይ ቤት ማስተዳደርን ሲቪ ላይ እንዴት እንጻፍ?

የቤተሰብን ወይም የራስን የኪራይ ቤት ማስተዳደር ሥራ ነው፤ ሲቪ ላይ ግን «የግል ሥራ» ተብሎ ስለሚታለፍ ቀጣሪው ምንም አይገባውም። ማዕረጉን «የኪራይ ቤቶች አስተዳዳሪ» በሉት። «የቤት ባለቤት» ማለት ሀብትን እንጂ ሥራን አያሳይም።

ከሥሩ በቁጥር የተደገፉ 3 ወይም 4 መስመሮች ይበቃሉ። «ኪራይ እሰበስብ ነበር» ከማለት ይልቅ ለምሳሌ «የ8 መኖሪያ ክፍሎችና የ2 ሱቆች ኪራይ በባንክ መሰብሰብ፣ ወርሃዊ ሂሳብ መያዝ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና ዋጋ ማወዳደር» ብላችሁ ጻፉ። ቁጥሩ የራሳችሁ ይሁን፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ውል አዘጋጅታችሁ ከሆነ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገባችሁን ጥቀሱ። ለሕግና ለአስተዳደር ሥራ ይህ አንድ መስመር ብዙ ይናገራል።

ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ሌላው ሥራ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ይሄኛው በኢትዮጵያ ከተጻፈ የ7 ወይም የ8 ዓመት መዛባት ይፈጠራል። አንዱን መርጣችሁ ሁሉንም በዚያው ጻፉ። ከሌላ ሥራ ጎን ለጎን የሠራችሁት ከሆነም «በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት 6 ሰዓት» እንደማለት ግለጹት፤ አለዚያ ሁለት ሙሉ ሥራ ይመስላል።

አለቃ ስለሌለ ምስክር የሚሆነው የረጅም ጊዜ ተከራይ ወይም የሂሳብ ባለሙያ ነው፤ አስፈቅዳችሁ ብቻ። ወንድም ወይም አጎት አይሆንም። የተከራዮችን ስምና የቤት ቁጥር ሲቪው ውስጥ አታስገቡ።