የአውራጃ ገዥን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፍ? ገርማሜ ንዋይ እንደ ምሳሌ

ስለ ገርማሜ ንዋይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከወንድሙ ጋር በመራው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። በገዥነት የሠራባቸው ወላይታና ጅጅጋ በአንድ መስመር ይታለፋሉ። ለውጥ ፈላጊነቱ በተግባር የታየው ግን እዚያ ነው። የአንድ ሺህ ቃል ጽሑፍ ከሆነ ቢያንስ አምስት መቶውን ለሁለቱ አውራጃዎች ስጡ።

መጀመሪያ የሹመት ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ ቦታ፣ ሥልጣን፣ የተሾመበት ቀን፣ የተነሣበት ምክንያት። ዋናው የመጨረሻው ዓምድ ነው። ገርማሜ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ ተመለሰ፤ የወላይታ ገዥ ሆነ፤ መሬት ለሌላቸው ማደል ሲጀምር ባለመሬቶቹ አቤት አሉ፤ ወደ ጅጅጋ ተላከ። «ተዛወረ» ብላችሁ ካለፋችሁ፣ አንድ የአውራጃ ሹም መንግሥት ወደ መገልበጥ ለምን እንደ ሄደ አንባቢው አይገባውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይር ነው። በኢትዮጵያው ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይደመራል (በየአራት ዓመቱ ድንበሩ በአንድ ቀን ይገፋል)። ሙከራው የተጀመረው ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 13 ቀን 1960። ወንድሙ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተሰቀለው በዚያው 1953 መጋቢት ላይ ቢሆንም በፈረንጆቹ 1961 ገብቷል። በሁሉም ላይ ስምንት የሚደምር ጸሐፊ መፈንቅለ መንግሥቱን አንድ ዓመት ያዘገየዋል።

የቦታ ስም በጊዜው ይጻፍ። ወላይታ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበረ፤ ዞን ወይም ክልል አትበሉት። የድሮ ሰነዶች «ወላሞ» ይላሉ፤ ስሙ ዛሬ እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ቃል በቃል ስትጠቅሱ ብቻ፣ ያውም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። መሬት በጋሻ (በድሮው የመሬት መለኪያ) ተጽፎ ካገኛችሁ ጋሻውን እንዳለ ተዉት። ወደ አርባ ሄክታር ይጠጋል ይባላል እንጂ ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለነበር ማባዛቱ የሐሰት ትክክለኛነት ያመጣል።

ስም ስትፈልጉ «ገርማሜ»ንም «ግርማሜ»ንም ሞክሩ። በጽሑፋችሁ ውስጥ «ንዋይ እንዲህ አደረገ» አትበሉ፤ ንዋይ አባትየው ናቸው።

ለምንጭ የዚያን ሰሞን አዲስ ዘመን ተመልከቱ፤ የመንግሥት ጋዜጣ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ከሙከራው መክሸፍ በኋላ የሚናገረው ያሸነፈው ወገን ብቻ ነው። ቀጥሎ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂዱ። ሕንፃው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ በሙከራው ጊዜ መፈንቅለኞቹ ያገቷቸው ባለሥልጣናት የተረሸኑበት አረንጓዴ ሳሎንም እዚያው ነበር።

አድናቂ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል «ባለሥልጣናት ተገደሉ» ብለው ያልፉታል። እንዲህ አታድርጉ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ፤ በወላይታ መሬት ያገኘውን ጭሰኛ በዘረዘራችሁበት ጥንቃቄ እነሱንም በስማቸው ጥቀሱ።