ካናዳ ለገባችሁና ለምትገቡ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፦ ከሥራው በፊት ፕሮቪንሱን ምረጡ

«ለሳይኮሎጂስት ሥራ ያለው የት ነው?» የሚል ጥያቄ ከአዲስ ገቢ አፍ አይጠፋም። መጠየቅ ያለበት ግን «የኔን ዲግሪ የሚቀበለው የት ነው?» የሚለው ነው። በካናዳ ለዚህ ሙያ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ፕሮቪንስ በራሱ ነው፤ መስፈርቱም እንደየቦታው ይለያያል።

ጆብ ባንክ በሚባለው የካናዳ መንግሥት የሥራ ድረ ገጽ ላይ 31200 የሚለውን የሳይኮሎጂስት የሙያ ቁጥር ብታስገቡ የየፕሮቪንሱን የቀጣይ ሦስት ዓመት የሥራ ተስፋ ታያላችሁ። እዩት፤ ግን «በጣም ጥሩ» የሚለው ቃል ፈቃድ በእጁ ላለ ሰው የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የትም ሳይኮሎጂስት አትሆኑም። ኩቤክ ከ2006 ጀምሮ ዶክትሬት ይጠይቃል፤ ፈረንሳይኛም ግድ ነው። ኦንታሪዮም ሳይኮሎጂስት ለመባል ዶክትሬት ሲጠይቅ የኖረ ስለሆነ፣ ማስተርስ ያላችሁ የሚሠራበትን የወቅቱን ደንብ ሳታነቡ አታመልክቱ። አልበርታና ሳስካችዋን ግን በማስተርስ ያስገባሉ። በአልበርታ መጀመሪያ ትምህርታችሁ ይገመገማል፤ ካለፋችሁ በጊዜያዊ ምዝገባ 1,600 ሰዓት በተቆጣጣሪ ሥር ትሠራላችሁ፤ 225 ጥያቄ ያለውን ኢፒፒፒ የተባለ ፈተናም ታልፋላችሁ። ማስተርስ ይዞ ዘመድ ስላለ ብቻ የኦንታሪዮዋ ቶሮንቶ መቀመጥ፣ የአልበርታዎቹ ካልጋሪና ኤድመንተን እያሉ፣ ለኔ ትርጉም የለውም። ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ካላችሁማ ውድድሩ ይላላል።

አሁን ብዙ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያቃጥልበትን ነገር ልንገራችሁ። ለኢሚግሬሽን ያሠራችሁት የትምህርት ግምገማ፣ ኢሲኤ የሚባለው፣ «ከካናዳ ማስተርስ ጋር እኩል ነው» ስላለ ፈቃድ ሰጪው አካል ይቀበለዋል ማለት አይደለም። ኢሲኤ የሚያየው የዲግሪውን ደረጃ ነው። ፈቃድ ሰጪው የሚፈልገው እያንዳንዱን ኮርስ ነው፦ የምዘና ኮርስ ወስዳችኋል? የሙያ ሥነ ምግባርስ? በተግባር ልምምድ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ በማን ክትትል? የትራንስክሪፕቱ የኮርስ ስም ብቻውን ይህን አይመልስም። ስለዚህ ከአገር ሳትወጡ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ በትምህርት ክፍሉ ማኅተም አስመቱ። የልምምድ ሰዓታችሁን፣ ያያችኋቸውን የተገልጋይ ዓይነቶችና የተጠቀማችሁባቸውን መለኪያዎች የጠቀሰ ደብዳቤ ተቆጣጣሪያችሁን አስፈርሙ። በኋላ መምህሩ ሥራ ይቀይራል፣ ካሪኩለሙ ይለወጣል፣ በስልክ የሚላክ ዘመድም ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይውላል። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ካለባችሁ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይለቅም፤ ቀድማችሁ ዝጉት። ለግምገማ ድርጅት ከመክፈላችሁ በፊትም ፈቃድ ሰጪው የትኛውን ድርጅትና የትኛውን ዓይነት ሪፖርት እንደሚቀበል በጽሑፍ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በኮርስ የተዘረዘረው ነው። ይህን ሁሉ ከአዲስ ገቢ የሚጠይቅ አሠራር ራሱ ማስተካከያ ያስፈልገዋል፤ እስኪስተካከል ግን ያለ ወረቀት የሚያዳምጣችሁ የለም።

ሳትመዘገቡ በቢዝነስ ካርድ ወይም በቲክቶክ ላይ «ሳይኮሎጂስት» ብላችሁ አትጻፉ። ማዕረጉ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በአማርኛ ለወገን ብቻ ነው የምሠራው ማለትም አያድንም። በዚህ የሚጎዳው መጀመሪያ ታካሚው ነው።

ኦንታሪዮን መልቀቅ ለማትችሉ፣ በማስተርስ ደረጃ የተመዘገበ ሳይኮቴራፒስት (በንግግር የሚያክም ባለሙያ) የመሆን መንገድ አለ። ፈቃድ ሰጪው ሌላ አካል ነው፤ ለሙሉ ምዝገባ 450 ሰዓት ከተገልጋይ ጋር፣ 100 ሰዓት ደግሞ በክሊኒካል ክትትል ይጠይቃል። ሳይኮቴራፒስቱ ግን ምርመራ አድርጎ የሕመም ስም የመስጠት ሥልጣን የለውም። ምክር መስጠት ለሚወድ ሰው ጥሩ ሥራ ነው።

በአንድ ፕሮቪንስ ሙሉ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ነገሩ ይቀላል። በካናዳ የውስጥ ንግድ ስምምነት መሠረት ሌላው ፕሮቪንስ በመሠረቱ እንደገና ትምህርት ሳይጠይቅ ይመዘግባችኋል፤ የአካባቢውን ሕግ የሚመለከት ፈተና ሊኖር ይችላል። ቶሮንቶ ያለው ዘመድ ያን ጊዜ ይጠብቃችኋል።