አባይ በረሃ ላይ ሞተሬ መፍላቱን እንዴት እንዳቆመ
ቱርቦ ያላት ፒካፕ አለችኝ፣ ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ የምመላለስባት። ሚያዝያ ላይ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ገና መንገዱ ሳይጋመስ የሙቀት ጌጇ ቀዩን ነካ። ኤሲውን አጠፋሁ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። በዚያ ሙቀት ያቃጥላል፣ ግን ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንሳል። ከዚያ ጥግ ይዤ ቆምኩ። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትከፍቱ፣ አደራ!

መጀመሪያ ተርሞስታት (ሞተሩ ሲግል ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) አስቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ ማርቆስ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ «እስቲ ኢንተርኩለሩን ፍታው ልጄ» አሉኝ። ቱርቦው ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልከውን አየር የሚያቀዘቅዘው፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ክፍል ነው። ሲወርድ ከኋላው ያለው የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በጤፍ ገለባ ጥርቅም ብሏል። ከውጭ ሲያዩት እኮ ንጹህ ነው የሚመስለው! ቱርቦ አየሩን ሲጨምቀው ያግለዋል፣ ኢንተርኩለሩ ደግሞ ያንን ሙቀት ወደ ኋላ ወደ ራዲያተሩ ይልከዋል፣ ታዲያ ንፋስ ካላለፈ ሙቀቱ የት ይሂድ? ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ቀስ ባለ ውሃ አጠብነው። በኃይለኛ ግፊት ከሆነ ቀጫጭን ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

የራዲያተሩ ክዳን ጎማም ተሰነጣጥቋል። ደጀን ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። አዲስ ገዛሁ። የቧንቧ ውሃውን ደፍቼ ግማሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሞላሁ።

ቅዳሜ በቀትር፣ ጭነት ይዤ፣ በ2ኛ ማርሽ ወጣሁት። ጌጇ ደጀን እስክገባ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም።